ሠራዊቱን ትቶ የመጣ መኪና

ለቤተሰብ ጉዳይ ወደ አሜሪካ ሄጄ፣ ቨርጂኒያ ገጠር ውስጥ ከሚኖሩ የአክስቴ ልጅ ዘንድ ሁለት ሳምንት ሰንብቼ ነበር። በዕድሜ አሥር ዓመት ያህል ስለሚበልጡኝ ከልጅነቴ ጀምሮ ‹‹ጋሼ›› ነው የምላቸው። የጥንት የአሰብ መስመር ሹፌር ናቸው። ኤንትሬ ከነተሳቢው ይዘው በረሃውንም ዳገቱንም የጨረሱ ሰው ናቸው። አሜሪካ ከገቡ በኋላም ያንኑ መሪ ጨብጠው ኖረው ጡረታ ወጡ። ሌላው ጡረተኛ ዶሮ ያረባል፣ ጎመን ይተክላል። ጋሼ ጓሮ የቆመው ግን ባለ አሥር ጎማ የወታደር ካሚዮን ነው።

መኪናው ኤም 35 ኤ 2 ይባላል። አሜሪካኖቹ በቁልምጫ ‹‹ሁለት ተኩል›› ይሉታል፤ ከመንገድ ውጪ ሁለት ቶን ተኩል እንዲጭን ታስቦ የተሠራ ነውና። ይህ የመኪና ዘር ሪዮ በተባለ ፋብሪካ ከእ.ኤ.አ. 1950 ጀምሮ መሠራት የጀመረ ሲሆን፣ በኋላ ከፋብሪካ ወደ ፋብሪካ እየተላለፈ ለአሥርት ዓመታት ተመርቷል። ቬትናም ዘምቷል። የጋሼው በእ.ኤ.አ. 1971 የተሠራ ነው። ሠራዊቱ ሲያስወግደው በጨረታ ተሸጠ፤ ከመጀመሪያው ገዢ ደግሞ ጋሼ ገዙት። በደርግ ዘመን የገቡትን የሶቪየት ኡራሎች የሚያስታውስ አንባቢ ቁመናውን ለመገመት አይቸገርም። ቁልፍ የሚባል ነገር የለውም። (ወታደር በጨለማ ቁልፍ ፍለጋ ኪሱን ሲዳብስ እንዳይቀር ይመስለኛል።) አንዲት ማንሻ ይጠመዝዙና ቁልፉን ይጫናሉ፤ ሞተሩ እያጓራና እያፏጨ ይነሳል። ሌባ እንዳይወስደው መሪው በሰንሰለት ይታሰራል።

በመጣሁ በሦስተኛው ቀን ‹‹ና ላንሸራሽርህ›› አሉኝ። ስንወጣ ደህና ነበርን። ስንመለስ አንድ ቁልቁለት አለ፤ ከሥሩ መንገድ ያቋርጣል፤ እዚያው ‹‹ቁም›› ከሚለው ምልክት ሥር አንዲት ትንሽ ነጭ መኪና ቆማለች። ጋሼ ፍሬን ረገጡ። እግራቸው ያለ ምንም ተቃውሞ እስከ ወለሉ ወረደ። ደግመው ረገጡ፤ ያው ነው። አንድም ቃል አልተናገሩም። ማርሹን ወደታች መለሱ፣ የእጅ ፍሬኑን ጎተቱ፣ ከዚያ መሪውን በሁለት እጃቸው እየታገሉ (መሪው ረዳት ኃይል የለውም) በቀኝ በኩል ካለው ሽቅብ የሣር ሜዳ ላይ ወጡበት። ስድስት ቶን የሚያህል ባዶ ብረት ሣሩን እያረሰ ሄዶ ቆመ። ነጯ መኪና ግራ ቀኝ አይታ መንገዷን ቀጠለች። ከኋላዋ ምን እንደመጣና ምን እንደቀረላት የምታውቅ አይመስለኝም።

ጋሼ ወርደው ከሥር ገቡ፤ ወደ ኋላ ጎማዎች ዘይት የሚወስደው የጎማ ቱቦ ፈንድቷል። ወይን ጠጅ መልክ ያለው የፍሬን ዘይት ሻንሲው ላይ ይንጠባጠባል። ቱቦው ዕድሜው ስንት እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

እንግዲህ ነገሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የኤም 35 ኤ 2 ፍሬን በአየር የሚታገዝ የዘይት ፍሬን ነው። ሹፌሩ ሲረግጥ ማስተሩ ዘይቱን ይገፋል፤ ‹‹ኤርፓክ›› የሚሉት ዕቃ ደግሞ ሞተሩ ባጠራቀመው አየር ግፊቱን ያበዛዋል። አየሩ ቢያልቅ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል እንጂ ፍሬኑ ፈጽሞ አይጠፋም፤ ግፊቱ ሲወርድም ጋቢናው ውስጥ የሚጮኽ ማስጠንቀቂያ አለ። ዘይቱ ግን አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው። ለስድስቱም ታምቡር የሚሄደው ከአንድ ማስተር ተነስቶ ነው። ስለዚህ አንዲት ቱቦ ስትፈነዳ፣ ወይም በአንዱ ጎማ ያለው ትንሽ የፍሬን ፖምፓ ጎሚኒው ሲለቅ፣ ስድስቱም ባንድ ጊዜ ይሞታሉ። የሚጮኽ ነገርም የለም። ማስተሩ ከጋቢናው ወለል ሥር ተደብቆ ስለሚገኝ የዘይቱን መጠን ሆን ብሎ ወርዶ ያላየ ሰው አያውቀውም። የእጅ ፍሬኑ ደግሞ ከማርሽ ማከፋፈያው ጀርባ ባለ አንድ ታምቡር ላይ የሚይዝ ነው፤ የቆመ መኪና እንዳይንሸራተት እንጂ የሚሮጥ ለማቆም አልተሠራም። ጋሼን ያተረፋቸው የአሰብ መንገድና ያ ሽቅብ ሜዳ ነው።

ማታ እራት ላይ ‹‹ይህ መኪና እንዴት መንገድ ላይ እንዲወጣ ተፈቀደለት?›› ብዬ ጠየቅሁ። የልጅ ልጃቸው፣ እዚያው ተወልዶ ያደገ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ‹‹ሊጋል ነው አንክል›› አለኝ። ሕግ የተማርኩ ሰው ስለሆንኩ ይህች ቃል አላስተኛችኝም። ሌሊቱን ሕጉን ሳገላብጥ አደርኩ። ልጁ ትክክል ነው። ሕጋዊ ነው። ግን ሕጋዊ የሆነበት መንገድ ነው የሚያስደንቀው።

በአሜሪካ ተሽከርካሪ የሚሸጥ ፋብሪካ የፌዴራል የደህንነት ደረጃዎችን ማሟላት አለበት። ለምሳሌ የቤት አውቶሞቢሎች አንዱ የፍሬን መስመር ቢበጠስ ሌላው እንዲያቆም ሆነው እንዲሠሩ ከእ.ኤ.አ. 1968 ጀምሮ ተደንግጓል። እነዚሁ ደረጃዎች ግን ለአሜሪካ ጦር ኃይሎች በውል ተሠርቶ በቀጥታ ለእነሱ በተሸጠ ተሽከርካሪ ላይ ተፈጻሚ እንደማይሆኑ ሕጉ ራሱ በግልጽ ይናገራል። ይህ ሞኝነት አይደለም፤ ምክንያት አለው። ሠራዊት የራሱ መስፈርት አለው፣ የራሱ መካኒክ አለው፣ የራሱ አዛዥ አለው። ሹፌሩ በዚያው ዓይነት መኪና ላይ ሠልጥኖ ፈቃድ ካልያዘ አይነዳም። ከመነሳቱ በፊት፣ በጉዞ ላይና ከተመለሰ በኋላ የሚያያቸው ነገሮች በመመሪያ ተዘርዝረዋል፤ ያየውን ጉድለት በቅጽ ሞልቶ ያስረክባል። ከሹፌሩ አቅም በላይ የሆነውን የክፍሉ መካኒክ፣ ከዚያም በላይ የሆነውን ከፍ ያለ ጋራዥ ይሠራዋል፤ ለያንዳንዱ እርከን የተለየ መጽሐፍ አለው። ይህን ልማድ ለማስረጽ ብቻ የአሜሪካ ጦር ከእ.ኤ.አ. 1951 ጀምሮ ‹‹ፒኤስ›› የተባለ በሥዕል የሚያስተምር ወርኃዊ መጽሔት ያወጣ ነበር፤ ለሃያ ዓመት ያህል ሥዕሉን የመራው ታዋቂው ዊል አይዝነር ነው። ባለ አንድ መስመር ፍሬን በዚህ ሁሉ ሰው ተከቦ ሲኖር ይኖራል።

ያም ሆኖ ሠራዊቱ ራሱ ከአደጋ አላመለጠም። የአሜሪካ ኮንግረስ የኦዲት መሥሪያ ቤት በእ.ኤ.አ. 2021 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ2010 እስከ 2019 በነበሩት የበጀት ዓመታት ምድር ጦሩና ማሪን ኮር ከውጊያ ውጪ 3,753 የታክቲክ ተሽከርካሪ አደጋዎች እንደመዘገቡና 123 ወታደሮች እንደሞቱ ጽፏል። በዋና ምክንያትነት የተጠቀሱት የሹፌር አለመጠንቀቅ፣ የቁጥጥር መላላትና የሥልጠና ማነስ ናቸው። ባለ አምስት ቶኑ የኤም 939 ቤተሰብም ፍሬኑና አወዳደቁ ብዙ ሰው ስለጎዳ፣ ጦሩ ፍጥነቱን በሰዓት 40 ማይል፣ በእኛ 64 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ገድቦ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርግ መሣሪያ እስከ መግጠም ደርሷል። እንዲህ ያለው ትእዛዝ ለአዛዦች ይደርሳል። በጨረታ ገዝቶ ጓሮው ያቆመው ጡረተኛ ዘንድ ግን የሚያደርሰው ፖስተኛ የለም።

መኪናው በጨረታ ሲሸጥ የሆነው ይህ ነው፦ ነጻነቱ አብሮት ሄደ፤ ሠራዊቱ ግን ቀረ። የሽያጩ ውል ‹‹ባለበት ሁኔታና ባለበት ቦታ›› ይላል፤ ሻጩ ለጉድለት ዋስ አይሆንም። (በእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2287 ሻጭ ከጉድለት ነጻ ለመሆኑ ዋስ ነው፤ እዚያ ግን ገዢ ፊርማውን ሲያኖር ይህን ትቶ ነው።) ገዢው የሚሰጠውን የመንግሥት ቅጽ ይዞ ሄዶ ሊብሬ ያወጣል፤ አንዳንዱ ክፍለ ግዛት ይፈቅዳል፣ አንዳንዱ ያስቸግራል። ቨርጂኒያ ተሽከርካሪዎችን በየዓመቱ ትመረምራለች፤ ነገር ግን ከ25 ዓመት በላይ የሆነውና የጥንት መኪና ሰሌዳ የለጠፈው ከዚህ ምርመራ ነጻ ነው። በእኛ አባባል ቦሎ አይጠየቅም። ጠቅላላ ክብደቱ ከነጭነቱ ከ26,001 ፓውንድ በታች ስለሆነም ለግል ጉዳይ እስከነዱት ድረስ የተራ አውቶሞቢል መንጃ ፈቃድ ይበቃል። ጋራዦች በሕግ የተገጠመ የደህንነት መሣሪያን ከጥቅም ውጪ እንዳያደርጉ የሚከለክል የፌዴራል ድንጋጌ አለ፤ ባለቤቱን በገዛ ጓሮው ግን አይነካውም። ቢነካውስ፣ ይህ መኪና ያን ደረጃ እንዲያሟላ ከመጀመሪያውም አልተጠየቀ።

በእኛ ሕግ ቢሆን ቁጥር 2081 የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለንብረት ጥፋት ባይኖርበትም መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ብሎ ነገሩን ያሳጥረዋል። አሜሪካ ውስጥ በአብዛኛው ቸልተኝነት መረጋገጥ አለበት። ይሁንና ሃምሳ ዓመት ያለፈው መኪና ላይ ዕድሜው የማይታወቅ ቱቦ ተሸክሞ ቁልቁለት የወረደ ሰው ፍርድ ቤት ቆሞ ምን እንደሚል እኔ ጠበቃው ብሆን ይጨንቀኛል። ለጋሼም ይህንኑ ነገርኳቸው። ‹‹አንተ ደግሞ፣ የሞተ ሳይኖር ታስለቅሳለህ›› አሉኝና ሳቁ። ሳቁ እንጂ በማግስቱ ጠዋት ክሪኩን ይዘው ሲወጡ አየኋቸው።

ክርክሩ የተነሳው ከዚህ በኋላ ነው። ልጁ በዕረፍት ጊዜው ሠርቶ ያጠራቀመው ገንዘብ ነበረው፤ ለጎማ ነበር ያሰበው። የነዚህ መኪኖች ወዳጆች ዘንድ የተለመደ ነው፤ ከኋላ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚሽከረከሩትን ቀጫጭን ጎማዎች አውጥቶ 395/85 አር 20 የተባለውን አንድ አንድ ሰፊ ጎማ ማሰር። ሲያዩት በእርግጥ ያምራል። አንዳንዱም ከሁለቱ የኋላ አክስሎች አንዱን ቆርጦ ሻንሲውን ያሳጥራል፤ ከአክስሉ ጋር ሁለት ፍሬን አብሮ መቆረጡን፣ የቀለለው ጀርባም ሲረገጥ ቶሎ እንደሚቆለፍ ብዙው አያስበውም። ልጁ እንኳ እስከዚያ አልሄደም። ‹‹መኪናው ቀርፋፋ ነው፣ ሀይዌይ ላይ ሁሉም ይጮኹብናል፤ ትልቅ ጎማ ፍጥነት ይጨምራል›› ነው የሚለው። ልክ ነው፣ ይጨምራል።

ወረቀት አምጡ ብዬ አብረን አሰላነው። የመጀመሪያው ጎማ፣ 9.00-20 የሚባለው፣ ከዳር እስከ ዳር 103 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ አዲሱ 118። ሞተሩ በደቂቃ 2,600 ዙር ላይ ሲገደብ መኪናው በአሮጌው ጎማ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል፤ በአዲሱ 103። ፍሬኑ ማጥፋት ያለበት ጉልበት የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ ስለሆነ 31 በመቶ ይጨምራል። ታምቡሩ ደግሞ ያው ታምቡር ነው፤ ጎማው ሲረዝም ፍሬኑ መሬት ላይ የሚያሳድረው ኃይል በተቃራኒው 13 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ሁለቱን ስታጋጨው ከሙሉ ፍጥነት ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አንድ ጊዜ ተኩል ይሆናል። ይህ ሁሉ ቱቦው ካልፈነዳ ነው።

ልጁ ስሌቱን በስልኩ ደገመው። ከዚያ ‹‹ልክ ነው፤ ግን መኪናው ያስጠላል›› አለ። አያቱ ‹‹አስጠሊታ ሆኖ ይቁም›› አሉት።

ጎማ መቀየሩ ራሱ ሌላ ጉድ አለው። የዚህ መኪና ቸርኬ አንድ ወጥ አይደለም፤ ጎማውን በቦታው የሚይዘው ከጎን የሚገባ የብረት ቀለበት ነው። ቀለበቱ ከዛገ ወይም በትክክል ካልገባ፣ አየር ሲሞላ እንደ ጥይት ተስፈንጥሮ ሰው ይገድላል። ስለዚህ የአሜሪካ የሥራ ቦታ ደህንነት ደንብ እንዲህ ያለ ጎማ በብረት ጎጆ ውስጥ ሆኖ እንዲሞላ፣ ሠራተኛውም የሠለጠነ እንዲሆን ያዛል። ደንቡ የሚያስገድደው ግን አሠሪን ነው። በገዛ ጓሮው ተንበርክኮ የሚነፋውን ባለቤት ማንም አያስገድደውም። በአካባቢው ያሉ ሁለት ጎሚስታዎች ‹‹ይህን አንነካም›› ብለው መለሱን፤ አልተቀየምኳቸውም። ጋሼም በበኩላቸው ይህን ነገር ከአሰብ ጀምሮ ስለሚያውቁት፣ አየሩ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ማንም ቀለበቱን በመዶሻ እንዳይነካ ልጁን አስምለውታል።

ስለ ሞተሩ ብዙ አልልም፤ ከሁሉም የማያስቸግረው እሱ ነው። ስድስት ሲሊንደር፣ 7.8 ሊትር፣ ጉልበቱ 130 ፈረስ ቢሆን ነው። ጦር ሜዳ የተገኘውን እንዲጠጣ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ናፍጣ፣ ነጭ ጋዝ፣ የጄት ነዳጅ፣ ሲቸግር ቤንዚንም። የነዳጁን ውፍረት እያየ መጠኑን የሚያስተካክል ዕቃ ፖምፓው ላይ አለው። ይህን የሰሙ ባለቤቶች የተቃጠለ የሞተር ዘይት ከናፍጣ ቀላቅለው ያጠጡታል። ጋሼም ሞክረውታል፤ በደንብ ያልተጣራ ዘይት ፊልትሮ ደፍኖ ፖምፓውን ሊበላ እንደሚችል ሲረዱ ተዉት። ፖምፓው ከተበላሸ ወጪው ቀላል አይደለም። ኤሌክትሪኩ 24 ቮልት ነው፤ ሁለት ባትሪ ተያይዘው። ለስልክ ቻርጅና ለሬዲዮ ብሎ ከአንዱ ባትሪ ብቻ 12 ቮልት የሚቀዳ ሰው ያኛው ከልክ በላይ እየሞላ ይህኛው እየጎደለ ሁለቱንም ይገድላቸዋል። መቀነሻ ገዝቶ መግጠም ነው፤ ዋጋው ርካሽ ነው።

ገንዘቡ በመጨረሻ ለፍሬኑ ዋለ። የጎማ ቱቦዎች በሙሉ፣ በየታምቡሩ ያሉት ትንንሽ ፖምፓዎች፣ የአክስሉ ዘይት ወደ ፍሬን ሸራው እንዳይፈስ የሚከለክሉት ጎሚኒዎች (ሁለት ሸራ በዘይት ርሶ አግኝተናል)፣ ከዚያም ዋናው ማሻሻያ፦ ሁለት ክፍል ያለው ማስተርና ሁለተኛ ኤርፓክ፣ የፊቱ ለብቻው፣ የኋላው ለብቻው እንዲሆን። ማስተሩን ብቻ ቀይሮ አንዱን ኤርፓክ የሚተው ሰው ሁለቱ መስመሮች እዚያው ተመልሰው አንድ ስለሚሆኑ ራሱን ነው የሚያታልለው። ዘይቱም የሚቀላቀል አይደለም፤ ጦሩ በ1980ዎቹ ወደ ሲሊኮን ስለቀየረ ከተራው የፍሬን ዘይት ጋር አይዋደድም፤ አንዱን መርጦ ሌላውን አጥቦ ማውጣት ነው። ይህ ማሻሻያ የመኪናውን ታሪካዊነት ያጎድላል ብለው የሚከራከሩ ሰብሳቢዎች አሉ። ሙዚየም ለሚያቆመው ሰው ክርክራቸው ይገባኛል። የተቀየረውን ሁሉ ለኢንሹራንሱ በጽሑፍ እንዲያሳውቁ፣ ደረሰኙንም እንዲያስቀምጡ ለጋሼ መክሬአለሁ። አንድ ደብተርም ገዝቼላቸዋለሁ፤ የወታደሩን ቅጽ አስመስለን አሰመርነው፤ ቀን፣ የታየው ነገር፣ የተገኘው ጉድለት፣ ማን እንደሠራው።

በመጣሁበት ቀን መኪናው በመደገፊያ ላይ ቆሞ፣ ስድስቱም ታምቡር ወልቆ፣ ሣሩ ላይ ተደርድሮ ነበር። ባለፈው ሳምንት ደወልኩ። ሁለተኛው ኤርፓክ ደርሶ ተገጥሟል፤ አየር ከዘይቱ ውስጥ እያስወጡ ነው። ስልኩን ያነሳው ልጁ ነው፤ ከመኪናው ሥር ሆኖ። ‹‹አንክል ቆይ›› አለና ወደ ላይ ጮኸ፦ ‹‹አባባ ይርገጡ!... ይያዙት!... እሺ ይልቀቁ!›› ከበላዩ የጋሼ ድምፅ ይሰማኛል፤ ‹‹ግማሽ ላይ ቆመ። ግማሽ ላይ ነው የቆመው፣ ጻፈው።››